ጊርቦክሱን አውጥቶ ዘይት ማስገባት፦ ስለ ሃይድሮሊክ የነፋስ ተርባይን ለቀረበ ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ነፋስ ተርባይን የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ የተርባይን ደካማ ጎኑ ጊርቦክሱ (የክንፎቹን ዘገምተኛ ዙር ለጀነሬተሩ የሚያፈጥነው የማርሽ ሳጥን) ነው፤ ጥርሱ ይሰበራል። ስለዚህ ጊርቦክሱ ይውጣና ሮተሩ (ክንፎቹን የያዘው የሚሽከረከር ክፍል) ፓምፕ ያሽከርክር፤ ፓምፑ ዘይት በከፍተኛ ግፊት ወደ ታች ይላክ፤ ከማማው ሥር የተቀመጡ ሃይድሮሊክ ሞተሮች ጀነሬተሩን ያዙሩ። እንዲህ ሲሆን የማማው አናት ይቀልላል፣ ኮንቨርተር (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ የሚያስተካክለው መሣሪያ) አያስፈልግም፣ ድንገተኛ የነፋስ ምት በዘይቱ ይዋጣል። ጥገናውንም የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ የሚነካካ ጋራዥ ሁሉ ይችለዋል። ለኢትዮጵያ የሚበጀው ይኸው ነው፤ ያልተስፋፋው ገና አዲስ ስለሆነ ነው ይላሉ።

ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ አፍስሰውበታል። ችግሩ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ስሌት አለመኖሩ ነው። ስሌቱ ሲገባ ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ይፈርሳሉ፤ ሁለቱ ግን ይተርፋሉ።

ከጥርሱ እንጀምር። የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ያሰባሰበው የጊርቦክስ ጉዳት መዝገብ እንደሚያሳየው ከተመዘገቡት ጉዳቶች ወደ 76 በመቶው የደረሱት በኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት መያዣ) ላይ ነው። የጥርስ ድርሻ 17 በመቶ ገደማ ነው። ጥርስ ተሰባብሮ ሲገኝም ብዙ ጊዜ መነሻው የተበላ ኩሽኔታ ነው፤ ኩሽኔታው ሲላላ ዘንጉ ይዛነፋል፣ ጭነቱ በጥርሱ አንድ ጠርዝ ላይ ይወድቃል፣ ጠርዙ ይላጣል።

ለምን ኩሽኔታ? ባለ 77 ሜትር ሮተር፣ 1.5 ሜጋዋት ተርባይን እንውሰድ። ሮተሩ በሙሉ ኃይል በደቂቃ 17.3 ዙር ይዞራል፤ ጀነሬተሩ 1,800 ዙር ገደማ ይፈልጋል። ይህ 104 እጥፍ ማለት ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ባለ ሦስት ፕላኔት (በመካከለኛ ማርሽ ዙሪያ የተደረደሩ ሦስት ማርሾች) ሆኖ 5.5 ቢሰጥ፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት የትይዩ ዘንግ ደረጃዎች 4.5 እና 4.2 ቢሰጡ፣ ሲባዛ 104 ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ያለው ዘንግ ወደ 830 ኪሎ ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ተሸክሞ በዝግታ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ፈጣን ዘንግ ከ8 ኪሎ ኒውተን ሜትር በታች ይዞ ይሮጣል። ዝናው የከፋው ይህ ፈጣን ዘንግ ነው። ነፋሱ ሲቀንስ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጭነት በጣም ስለሚያንስ ሮለሮቹ መንከባለሉን ትተው ይንሸራተታሉ። ወዲያው ነፋስ ሲመታ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ኔትወርክ ሲቋረጥና ፍሬን ሲያዝ፣ ጭነቱ በቅጽበት ይመለሳል፤ አቅጣጫውን የሚገለብጥበትም ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ከብረቱ ገጽ በታች ስንጥቅ ይጀምራል። ብረቱ ተቆርጦ በአሲድ ሲታይ ስንጥቁ ነጭ ጠርዝ ይዞ ይገኛል፤ ኩሽኔታውም በአይ ኤስ ኦ 281 (የኩሽኔታ ዕድሜ የሚሰላበት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ከተሰላለት ዕድሜ ሩቡን እንኳ ሳይጨርስ ይሰነጠቃል። ስሌቱ ይህን ዓይነት ጉዳት አስቀድሞ አያይም፤ ኩሽኔታውን በካታሎግ ዕድሜ ብቻ የመረጠ መሐንዲስ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አሰቃቀሉ ነው። ብዙ የ1.5 ሜጋዋት ተርባይኖች ዋናው ዘንግ በአንድ ዋና ኩሽኔታና በጊርቦክሱ ሁለት ክንዶች ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው። ነፋሱ ከላይና ከታች እኩል ስለማይነፍስ ሮተሩ ዘንጉን ያጎብጣል፤ ያ ጉብጠት በቀጥታ ወደ ፕላኔት ተሸካሚው (ሦስቱን ማርሾች ወደያዘው ክፍል) ይገባል። ሦስቱ ፕላኔቶች ጭነቱን እኩል መካፈላቸው ቀርቶ በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ከድርሻው በላይ ይሸከማል። መፍትሔው ይታወቃል፦ ዋናውን ዘንግ በሁለት ኩሽኔታ መያዝ፣ የፕላኔት ተሸካሚውን ኩሽኔታዎች በፕሪሎድ (ክፍተት እንዳይኖር አስቀድሞ በተጫነ ጭነት) የታሰሩ ኮኒካል ሮለር ማድረግ፣ የፈጣኑን ዘንግ ኩሽኔታ በጥቁር ኦክሳይድ ማልበስ፣ በአዳዲሶቹ ንድፎች ደግሞ ለፕላኔቶቹ በሮለር ፈንታ ተንሸራታች ቡሽ (በዘይት ላይ የሚንሸራተት ቀለበት) መጠቀም።

ጽሑፉ ያልጠየቀው ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል፦ ጊርቦክሱ ወጥቶ ፓምፕ ሲገባ ያ ጉብጠት የት ይሄዳል? ፓምፑ ላይ። የፓምፑ ዋና ዘንግም ኩሽኔታ አለው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዘገምተኛ ትልቅ ፓምፕ ማለት ሞገድ ያለው የካም ቀለበትና በዙሪያው የተደረደሩ ፒስቶኖች ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ፒስቶን በሮለር አማካይነት ካሙ ላይ ይጋልባል። ቀለበቱ 20 ሞገድ ቢኖረው፣ ተርባይኑ በዓመት 6,000 ሰዓት ለ20 ዓመት ቢሠራ፣ እያንዳንዱ ፒስቶን 2.5 ቢሊዮን ጊዜ ይገፋል፤ ቫልቮቹም ያንኑ ያህል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የብረት ድካም በጊርቦክሱ በጥቂት ኩሽኔታዎች ላይ ነበር፤ አሁን በብዙ ሮለርና ቫልቭ ላይ ተበተነ።

ወደ ክብደቱ እንለፍ። ጸሐፊው ጀነሬተሩ ወደ መሬት ሲወርድ ናሴሉ (በማማው አናት ያለው የማሽኑ ቤት) በእጅጉ ይቀልላል ይላሉ። የ1.5 ሜጋዋት ጀነሬተር 7 ቶን ገደማ ነው፣ ጊርቦክሱ 15 ቶን ገደማ። እነዚህ ሲነሡ በምትካቸው ምን ይወጣል? ግፊቱን 350 ባር (1 ባር በባሕር ጠለል ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው) እናድርግ፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተለመደ ከፍተኛ ልክ ነው። 830 ኪሎ ኒውተን ሜትሩን በ350 ባር ለመያዝ ፓምፑ በአንድ ዙር 149 ሊትር መግፋት አለበት። በ17.3 ዙር ሲባዛ በደቂቃ ወደ 2,570 ሊትር ነው። ለማነጻጸር፣ ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር ሁለቱ ዋና ፓምፖቹ አንድ ላይ የሚሰጡት በደቂቃ 440 ሊትር አካባቢ ነው። ስድስት ኤክስካቫተር ሙሉ በሙሉ ተጭኖ፣ ቀንና ሌሊት፣ ለ20 ዓመት።

149 ሊትር የሚገፋ ራዲያል ማሽን በገበያ አለ፤ ለማዕድን ማመላለሻና ለወፍጮ በሞተርነት ይሸጣል። ግን ግዙፍ የብረት ቁራጭ ነው፤ ከጊርቦክሱ ከተረፈው ቶን ከፊሉን ይበላዋል። ታች ደግሞ በ1,500 ዙር ለሚሄድ ጀነሬተር በዙር 1.71 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ባለ 500 ሲሲ ተለዋዋጭ (በዙር የሚወስደው ዘይት የሚስተካከል) ሞተር አራት ማለት ነው።

ቱቦውንም እንየው። ዘይቱ በግፊት መስመር በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ የውስጥ ስፋቱ 104 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በመመለሻው በ2.5 ሜትር ቢሄድ 148። ለ70 ሜትር ማማ ሁለቱ ቱቦዎች ብቻ 1,800 ሊትር ዘይት ይይዛሉ። የሰበቃ ኪሳራውን ብዙ ሰው ያጋንነዋል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ቀጥ ባለው ቱቦ ላይ 2 ባር አካባቢ ነው፣ ከ350 አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ራስ ምታቱ ሌላ ነው። ናሴሉ ነፋሱን እየተከተለ ይዞራል፣ ቱቦው ግን አይዞርም። የኤሌክትሪክ ኬብል ጥቂት ዙር ይጠማዘዝና ተርባይኑ ራሱ መልሶ ይፈታዋል። 104 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የ350 ባር ቱቦ አይጠማዘዝም፤ የሚሽከረከር መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ናሴሉ ቀኑን ሙሉ በአንዲት ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚል የመገጣጠሚያው ዘይት ማገጃ (ሲል) በአንድ ቦታ ላይ ይፋተጋል። መጀመሪያ የሚያንጠባጥበው እሱ ነው፤ የሚያንጠባጥበውም በማማው ውስጥ፣ በመሰላሉ ላይ ነው። ከኋለኞቹ ንድፎች ታዋቂው፣ ከታች የምናየው የሚትሱቢሺ ተርባይን፣ ሞተሩንና ጀነሬተሩን መልሶ ናሴል ውስጥ ነው የከተተው። ያኔ የመሬቱ ጥቅም በሙሉ ይቀራል።

አሁን ወደ ብቃት። ጽሑፉ የዘይቱ ኪሳራ ትንሽ ነው፣ ኮንቨርተር ስለሚቀር ደግሞ ይካካሳል ይላል። የተለመደውን መስመር እናባዛ፦ ጊርቦክስ 0.97፣ ጀነሬተር 0.965፣ ኮንቨርተር 0.99፤ ውጤቱ 0.927። ኮንቨርተሩን 0.99 ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ጊዜ በሚመገብ ጀነሬተር (በቆመውም በሚሽከረከረውም ክፍሉ ከኔትወርኩ ጋር በሚገናኝ) ኮንቨርተሩ የሚያስተናግደው ከኃይሉ 30 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ ራሱ 3 በመቶ ቢያባክን እንኳ ከጠቅላላው ከ1 በመቶ በታች ነው። ጸሐፊው እናተርፈዋለን ያሉት ይህንን ነው። የሃይድሮሊኩ መስመር ደግሞ፦ ፓምፕ 0.94፣ ቱቦና መታጠፊያ 0.985፣ ሞተር 0.94፣ ሲንክሮነስ ጀነሬተር (ዙሩ ከኔትወርኩ ድግግሞሽ ጋር የተቆራኘ) 0.97፤ ውጤቱ 0.844። ለዘይቱ የወሰድኩት ጥሩ ማሽን በጥሩ ነጥቡ ላይ የሚሰጠውን ነው። የማበልጸጊያ ፓምፑና (ለዋናው ፓምፕ ዘይት በትንሽ ግፊት የሚያቀብለው) የማቀዝቀዣው ፍጆታ ገና አልተቀነሰም። ልዩነቱ 8 ነጥብ ነው፤ በዓመት ከሚመነጨው ላይ 9 በመቶ የሚጠጋ መስጠት ማለት ነው።

ይህ ግን በሙሉ ኃይል ነው። ተርባይን በሙሉ ኃይል የሚሠራው ከዓመቱ ጥቂቱን ጊዜ ነው። ሮተሩ በግማሽ ፍጥነት ሲዞር ኃይሉ አንድ ስምንተኛ፣ ቶርኩ አንድ አራተኛ ይሆናል። ፓምፑ በዙር የሚገፋው መጠን ቋሚ ከሆነ ግፊቱ ወደ 88 ባር ይወርዳል፤ ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል። አራቱ ሞተሮች ግን አሁንም በ1,500 ዙር እየተሽከረከሩ ዘይት ያምሳሉ፤ የፒስቶኑና የስዋሽ ፕሌቱ (ፒስቶኖቹ የሚያርፉበት ያዘነበለ ሳህን) ሰበቃ ከኃይሉ ጋር አብሮ አይቀንስም። ያለችው 187 ኪሎዋት ስለሆነች ያ ቋሚ ኪሳራ በመቶኛ ሲሰላ ያብጣል። ሁለቱን ሞተር በክላች መነጠል ይረዳል፤ ችግሩን ግን አያጠፋውም።

ይህን ችግር በቁም ነገር የፈታው የኤዲንብራው አርቴሚስ ነው። ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የማዕበል ኃይል ምርምር የወጣ ኩባንያ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሲሊንደር በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፈጣን ቫልቭ አለው፤ የማይፈለገው ሲሊንደር ዘይቱን በዝቅተኛ ግፊት እየተቀበለ መልሶ ይለቀዋል፣ ሥራ አይሠራም፣ አያፈስም። ስለዚህ በከፊል ጭነትም ብቃቱ ብዙም አይወርድም። ጸሐፊው የዚህን ቴክኒክ ቁጥር ወስደው ለተራ ተለዋዋጭ ፓምፕ ነው የሰጡት። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ዋጋቸውም አንድ አይደለም።

ዘይቱ ምትን ይውጣል የሚለው ነጥብ ከሚተርፉት አንዱ ነው፤ ከማስተካከያ ጋር። ዘይት ብቻውን ደረቅ ነው፦ 350 ባር ሲጫነው በመጠን የሚያንሰው 2.5 በመቶ ገደማ ነው። ምቱን የሚውጠው ከጎን የሚገጠመው የናይትሮጅን አኩሙሌተር (የታመቀ ጋዝ የያዘ ጠርሙስ) ነው። ከሙሉ ኃይል 20 በመቶ የሚበልጥ፣ 3 ሰከንድ የሚቆይ ምት 900 ኪሎጁል ነው። ይህን ግፊቱን ከ300 ወደ 350 ባር ብቻ ከፍ አድርጎ ለመያዝ ጋዙ በፍጥነት ሲታመቅ 300 ሊትር ገደማ ጋዝ ይፈልጋል፤ ባለ 50 ሊትር ስድስት ጠርሙስ ይበቃል። ይሄ የሚቻል ነገር ነው። ዳሩ ግን ተለዋዋጭ ፍጥነት ያለው ዘመናዊ ተርባይን ይህንኑ ሥራ ያለ ጠርሙስ ይሠራዋል፤ ሮተሩ ለአፍታ ይፈጥናል፣ ክንፎቹ ማዕዘናቸውን ያስተካክላሉ።

ለዚህ ነጥብ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ጽሑፉ ውስጥ የለም። የኒው ዚላንዱ ዊንድፍሎው 500 ባለ ሁለት ክንፍ፣ 500 ኪሎዋት ተርባይን ነበር። ጊርቦክሱን አልጣለም። በዲፈረንሻል ደረጃ አንዱን የማርሽ ክፍል በብሎን ከማሰር ይልቅ ከትንሽ ሃይድሮሊክ ፓምፕ ጋር አገናኘው። ፓምፑ የሚገፋው ዘይት በትርፍ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ውስጥ ያልፋል፤ ቫልቩ የተስተካከለበት ግፊት የጊርቦክሱን ከፍተኛ ቶርክ ይወስናል። ምት ሲመጣ ቫልቩ ይከፈታል፣ ማርሹ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በላይ ቶርክ ወደ ጥርሱ አይገባም። በዘይቱ በኩል የሚያልፈው ከኃይሉ ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ የዘይቱ ኪሳራ የዚያ ጥቂት በመቶ ኪሳራ ብቻ ነው፤ ጀነሬተሩም ያለ ኮንቨርተር በቀጥታ ከኔትወርኩ ጋር ይሠራል። ሃይድሮሊክና ጊርቦክስ ተጋብተው የሰመረላቸው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጸሐፊው የጀርመኑን ፎይት ኩባንያ ዊንድራይቭ የተባለ መሣሪያ ለጊርቦክስ አልባነት ማስረጃ አድርገው ማቅረባቸው ግን ተራ ስሕተት ነው። ዊንድራይቭ በ2 ሜጋዋቱ ዴዊንድ ዲ8.2 ላይ ሲገጠም የተቀመጠው ከዋናው ጊርቦክስ በኋላ ነው። ውስጡ የቶርክ ኮንቨርተር (ቶርክን በሚሽከረከር ዘይት የሚያስተላልፍ) እና ፕላኔታዊ ማርሽ አለ፤ ማርሽ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የሚሠራውም በዘይቱ ፍጥነት እንጂ በ350 ባር ግፊት አይደለም። ያተረፈው የኤሌክትሪኩን ኮንቨርተር ነው። እግረ መንገዴን የሁለተኛውን የተረፈ ነጥብ ልቀበል፦ ሲንክሮነስ ጀነሬተር በቀጥታ ከኔትወርክ ጋር ሲያያዝ ቮልቴጅ ይደግፋል፣ የሚሽከረከር ክብደቱም ለደካማ ኔትወርክ ይጠቅማል። ይህን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት፤ ከጠቀሷቸው ጥቅሞች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነበር።

ቴክኖሎጂው አዲስ ነው? በካሊፎርኒያ ሳን ጎርጎኒዮ መተላለፊያ ላይ ባለ 3 ሜጋዋት የቤንዲክስ ሃይድሮሊክ ተርባይን የቆመው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ናሴሉ ውስጥ 14 ፓምፕ፣ ታች 18 ሞተር ነበረው። ውስብስብነቱ ገደለው። በ2000ዎቹ የኖርዌዩ ቻፕድራይቭ ኩባንያ ሞከረ። ሚትሱቢሺ በ2010 መጨረሻ አርቴሚስን ገዝቶ፣ ባለ 167 ሜትር ሮተር፣ 7 ሜጋዋት ተርባይን በስኮትላንድ ሀንተርስተን አቆመ፤ ሁለተኛውን በፉኩሺማ ባሕር ላይ አንሳፈፈ። የፉኩሺማው በቂ ሰዓት መሥራት ስላቃተው በ2018 እንዲነሣ ተወሰነ። ሚትሱቢሺ ራሱ ከዴንማርኩ ተርባይን ሠሪ ቬስታስ ጋር በ2014 ሽርክና ሲመሠርት ለገበያ የቀረበው ባለ ጊርቦክሱ ቪ164 ነው። የአርቴሚስ ቴክኒክ ወደ ዴንማርኩ ዳንፎስ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ለገበያ የቀረበው ለኤክስካቫተርና ለመሰል ማሽኖች ነው።

በመጨረሻ የኤክስካቫተር ጋራዥ ይበቃል የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው አገሩን እንጂ ማሽኑን አላሰቡም። የኤክስካቫተር ፓምፕ በጥቂት ሺህ ሰዓት አንዴ ዘይት ይቀየርለታል፤ ተርባይን ያንን ሰዓት በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል። በፒስቶኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ነው፤ በዓይን የማይታይ አሸዋ ይቧጥጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ከበርሜል በቀጥታ አለመሙላት ነው። አዲስ ዘይት ንጹሕ አይደለም፤ በ3 ወይም 5 ማይክሮን ፊልትሮ አሳልፎ በአይ ኤስ ኦ 4406 መለኪያ (በዘይት ውስጥ ያለ ቅንጣት የሚለካበት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ዘይቱ ይጠራል) 16/14/11 ካደረሱ በኋላ ነው የሚሞላው፤ በሥራ ላይ ከ18/16/13 መውጣት የለበትም። ቱቦው ከተበየደ በኋላ በአሲድ ይታጠባል፣ ጫፉ ይደፈናል፣ በመጋጠሚያው የብሎን ጥርስ ላይ የፕላስቲክ ማሸጊያ አይጠመጠምም፤ ብጣሹ ቫልቭ ውስጥ ይገባል። ናሙና ሲወሰድ ማሽኑ እየሠራ፣ ከፊልትሮው በፊት፣ ዘይቱ በሚናወጥበት ቦታ ይቀዳል፤ የመቅጃዋ ቱቦ ከምትይዘው አምስት እጥፍ ዘይት መጀመሪያ ይደፋል። ከታንክ ሥር በጠርሙስ የተቀዳ ናሙና ስለ ታንኩ ዝቃጭ እንጂ ስለ ፓምፑ አይናገርም። የታንኩ መተንፈሻም እርጥበት መጣጭ ያለው ይሁን፤ የአዳማ የበጋ አቧራ በተራ መተንፈሻ በኩል ሲገባ ማንም አያየውም።

የጊርቦክሱ ጥገናስ? ፈጣኑ ዘንግና ኩሽኔታው በብዙ ሞዴሎች በናሴሉ የራሱ ትንሽ ክሬን፣ እዚያው ላይ ይቀየራል። ትልቅ ክሬን የሚጠራው የፕላኔቱ ክፍል ሲበላሽ ነው። ጊርቦክስ ጨርሶ አልፈልግም ለሚል ደግሞ መልሱ ከ2012 ጀምሮ አዳማ ላይ ቆሟል፦ የአዳማ 1ኛ 34 ተርባይኖች ጊርቦክስ የላቸውም፤ ሮተሩ ቋሚ ማግኔት ያለውን ጀነሬተር በቀጥታ ያዞራል። ከጎኑ ያሉት የአዳማ 2ኛ 102 ተርባይኖች ባለ ጊርቦክስ ናቸው፤ ሁለቱም ቡድን እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው። እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ በእጃችን እያለ ሦስተኛ ያልተፈተነ መንገድ መፈለግ ለምን እንደሚያስፈልግ ጽሑፉ አይናገርም።

ከፍታም አለ። የአክሲያል ፒስቶን ፓምፕ ካታሎጎች በመሳቢያው በኩል ቢያንስ 0.8 ባር ፍጹም ግፊት ይጠይቃሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ 0.795 ባር ነው፤ በትግራይ ያለው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ፊልትሮና ቱቦ ሳይቆጠሩ ገና ከዝቅተኛው ልክ ወርደናል ማለት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣና ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ማሽን ይንኳኳል፣ ነሐሱም ይቦረቦራል። ስለዚህ ታንኩ ከማበልጸጊያው ፓምፕ በላይ ይሰቀላል፣ ወይም በደረቅ አየር በጥቂቱ ይጫናል፤ መሳቢያ ፊልትሮ ይቀርና ማጣሪያው በመመለሻው ላይ ይሆናል። የ70 ሜትሩ የዘይት ዓምድ 6 ባር ስለሚበላ፣ ናሴሉ ላይ 10 ባር ለማድረስ ታች ቢያንስ 16 ባር ማበልጸግ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ሥራ ብቻ በደቂቃ 440 ሊትር ገደማ፣ የአንድ ኤክስካቫተር ሙሉ ፓምፕ ይሄዳል። ጊርቦክሱ 45 ኪሎዋት ሙቀት የሚያስወግድበት ራዲያተር ደግሞ እዚህ 195 ኪሎዋት ይጠበቅበታል፤ የሚነፍስበት አየር ጥግግቱ ከባሕር ጠለሉ 82 በመቶ ብቻ ነው።